አብሽ፣ ባዝራና ቤተ ሙከራ፦ የተፈጥሮና የሰው ሠራሽ ሆርሞኖች ክርክር አጭር ታሪክ

ከጭሮ ከተማ፣ በቀድሞ ስሟ ከአሰበ ተፈሪ፣ ወደ ደቡብ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዘ መንገደኛ በዳሮ ለቡ ወረዳ ከምትገኘው ከመቻራ ይደርሳል። አገሩ በቡናውና በጫቱ የታወቀ ነው። በገበያ ቀን ግን ከእነዚህ ከሁለቱ ታላላቅ ሸቀጦች ፈንጠር ብሎ፣ ቅመም በሚሸጡ ሴቶች ፊት በስፍር የሚቀርብ አንድ ቢጫ ፍሬ አለ። አማርኛ ተናጋሪው አብሽ ይለዋል፤ የሐረር ሰው ሁልበት ይለዋል። ለአራስ ይሰጣል፤ ለሆድ ሕመም ይጠጣል፤ በወጥና በመረቅም ይገባል። በዚህ ፍሬ ውስጥ በጥቂት መጠን ዲዮስጄኒን የሚባል ንጥረ ነገር ይገኛል። ይህ ንጥረ ነገር በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የዓለም የሆርሞን ኢንዱስትሪ የቆመበት ዋና ጥሬ ዕቃ እንደነበረ የሚያስታውስ ግን ብዙ አይገኝም።

ሴት በአርባዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ወይም በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ስታርጥ፣ የእንቁላል ዕጢዎቿ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉትን ሆርሞኖች ማመንጨታቸውን ያቆማሉ። ከዚህም የተነሣ ድንገተኛ የሙቀት ስሜትና ላብ፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ ውሎ አድሮም የአጥንት መሳሳት ይከተላል። የጎደለውን ከውጭ መተካት ይቻላል የሚለው ሐሳብ ለሰሚው ቀላል ነው። ዳሩ ግን የሚተካው ሆርሞን ከእንስሳ ይምጣ፣ ከዕፅ ይምጣ ወይስ በቤተ ሙከራ ይሠራ በሚለው ጥያቄ ላይ ሐኪሞች፣ ኬሚስቶች፣ ነጋዴዎችና ታካሚዎች ዘጠና ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተከራክረዋል። በክርክሩም «የተፈጥሮ» የተባለው ሁልጊዜ ደግ፣ «ሰው ሠራሽ» የተባለው ሁልጊዜ ክፉ ሆኖ የሚቀርብበት ጊዜ ብዙ ነው። የታሪኩ ሂደት ይህን አከፋፈል አይደግፍም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ጥሬ ዕቃ፣ ጥቂት ምርት

በ1929 ኤድዋርድ ዶይዚ በአሜሪካ፣ አዶልፍ ቡተናንት በጀርመን፣ አንዱ ከሌላው ተለይቶ፣ ከእርጉዝ ሴቶች ሽንት ኤስትሮን የተባለውን ሆርሞን በንጹሕ መልኩ ለይተው አወጡ። የዘመኑ ችግር ዕውቀት ብቻ አልነበረም፤ የጥሬ ዕቃውም ነገር ነበር። ቡተናንት በ1931 አንድሮስቴሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን 15 ሚሊግራም ብቻ ለማግኘት 15,000 ሊትር ሽንት ማጣራት ግድ ሆኖበታል። ይህም ማለት ከእያንዳንዱ ሊትር የተገኘው የአንድ ሚሊግራም አንድ ሺህኛ ነው። የዶይዚ ጓዶችም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጥቂት ሚሊግራም ኤስትራዲዮል ለማግኘት አራት ቶን ያህል የእሪያ የእንቁላል ዕጢ ፈጅተዋል። ቡተናንት በ1939 ከሊዮፖልድ ሩዚችካ ጋር የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ቢሆንም፣ የናዚ መንግሥት ስለከለከለው ክብሩን የተረከበው ከጦርነቱ በኋላ ነበር።

በማናቸውም የምርት ሥራ የኖረ ባለሙያ እንደሚረዳው፣ እንዲህ ባለ ሂደት የተገኘ መድኃኒት ለሕዝብ ሊዳረስ አይችልም። ስለዚህም ኬሚስቶች ሁለት መንገድ ያዙ። አንደኛው መንገድ የሆርሞኑን ሥራ የሚሠራ ፍጹም አዲስ ንጥረ ነገር መፍጠር ነው። በ1938 ቻርልስ ዶድስ በለንደን ከጓደኞቹ ጋር ዳይኤቲልስቲልቤስትሮል የተባለውን ሠራ። ቅርጹ ከሰውነት ሆርሞን ቅርጽ ጋር አይመሳሰልም፤ ሥራው ግን የኤስትሮጅንን ሥራ ይመስላል። የምርምሩ ወጪ በብሪታንያ መንግሥት የተሸፈነ በመሆኑ የፈጠራ መብት አልተጠየቀበትም፤ በዚህም ምክንያት በየአገሩ በርካሽ ተመረተ። በዚያው ዓመት በበርሊን የሼሪንግ ኩባንያ ኬሚስቶች የሰውነትን ኤስትራዲዮል በጥቂቱ ለውጠው፣ ተውጦ ጉበትን ማለፍ የሚችለውን ኤቲኒል ኤስትራዲዮል አስገኙ። ሁለተኛው መንገድ ደግሞ ተፈጥሮ ግማሹን ሥራ የሠራችበትን ርካሽ ጥሬ ዕቃ መፈለግ ነበር።

የሜክሲኮው ሥር

ይህን ሁለተኛ መንገድ የከፈተው በፔንሲልቬንያ ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ራስል ማርከር ነው። ማርከር በዕፆች ውስጥ የሚገኙ ሳፖጄኒን የተባሉ ንጥረ ነገሮች በጥቂት የኬሚካል እርምጃዎች ወደ ፕሮጄስትሮን ሊለወጡ እንደሚችሉ አረጋገጠ። በ1942 ወደ ሜክሲኮ ወደ ቬራክሩስ ተጉዞ፣ የአካባቢው ሰው «ካቤሳ ደ ኔግሮ» የሚለውን የዱር ሥር ለቅሞ ተመለሰ። ተክሉ በደቡብ ኢትዮጵያ ከሚበላው ከቦዬ ጋር አንድ ወገን ነው፤ በውስጡ የያዘው ግን ለመብል የሚሆን ሳይሆን ዲዮስጄኒን ነው። በዚያን ጊዜ የአንድ ግራም ፕሮጄስትሮን ዋጋ ወደ 80 የአሜሪካ ዶላር ይደርስ ነበር። የአሜሪካ ኩባንያዎች ገንዘባቸውን በሜክሲኮ ለማፍሰስ ስላመነቱ፣ ማርከር ራሱ በሜክሲኮ ከተማ ከሁለት ሰዎች ጋር በ1944 ሲንቴክስ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። በዓመቱ ተጣልቶ ቢወጣም፣ የሆርሞን ዋጋ ከዚያ በኋላ ወደ ቀድሞው ከፍታ አልተመለሰም።

በ1951 በዚያው በሲንቴክስ፣ በጆርጅ ሮዘንክራንዝና በካርል ጄራሲ መሪነት ሲሠራ የነበረው ወጣቱ ሜክሲኮአዊ ሉዊስ ሚራሞንቴስ ኖርኤቲስቴሮንን ሠራ። የዚህ ምክንያት ግልጽ ነው። ፕሮጄስትሮን ተውጦ ወደ ጉበት ሲደርስ አብዛኛው ይፈርሳል፤ ኖርኤቲስቴሮን ግን ይህን ፍርሰት ይቋቋማል። እንግዲህ ከዕፅ ሥር የተነሣው ጥሬ ዕቃ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ሁለት ዓይነት ልጅ ወለደ፤ አንደኛው ከሰውነት ሆርሞን ጋር ፍጹም አንድ የሆነ ፕሮጄስትሮን፣ ሁለተኛው ሰውነት ከቶ የማያውቀው አዲስ ንጥረ ነገር ነው። ምንጫቸው አንድ ሲሆን ጠባያቸው ተለያየ።

የሥሩ ለቃሚዎች የሜክሲኮ ገበሬዎች ነበሩ። «ባርባስኮ» የተባለውን፣ ዲዮስጄኒን ይበልጥ የሚገኝበትን ሌላ ሥር ከጫካ እየቆፈሩ ለኩባንያዎች አቀባባዮች በዝቅተኛ ዋጋ ይሸጡ ነበር። የሜክሲኮ መንግሥት በ1975 ፕሮኪቬሜክስ የተባለ የመንግሥት ድርጅት አቋቁሞ ንግዱን በእጁ ለማድረግ ሞከረ። ይሁን እንጂ ኩባንያዎቹ በዚህ ጊዜ ከአኩሪ አተር ዘይት ተረፈ ምርት በሚገኙ ስቴሮሎችና በረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት ሆርሞን መሥራትን ተምረው ነበርና፣ የባርባስኮ ዋጋ ወደቀ። ጥሬ ዕቃው የገበሬው፣ ዕውቀቱ የሌላ ሲሆን የሚደርሰውን የሜክሲኮ ታሪክ በግልጽ ያሳያል።

ምሥራቅ አፍሪካም ከዚህ ታሪክ ውጭ አልነበረም። ከቃጫ ተክል ቅጠል ጭማቂ የሚገኘው ሄኮጄኒን ለብሪታንያው ግላክሶ ኩባንያ የኮርቲዞን መሰል መድኃኒቶች ጥሬ ዕቃ ሆኖ አገልግሏል። በ1960ዎቹ መጨረሻም በብሪታንያ የመድኃኒት ዕፅ ተመራማሪዎች በገበያ የሚሸጡ የአብሽ ዝርያዎችን እየሰበሰቡ ለዲዮስጄኒን ምንጭነት መርምረዋል። የዱር ሥር ለማደግ ዓመታት ሲፈጅ፣ አብሽ ግን በጥቂት ወራት ይደርሳል፤ ይህ ተስፋ ሰጪ ነበር። በፍሬው ውስጥ ያለው ዲዮስጄኒን ግን ብዙውን ጊዜ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ስለሆነ፣ ከአኩሪ አተሩ ጋር ተወዳድሮ ሊያሸንፍ አልቻለም።

የባዝራይቱ ሽንት

በዚህ መካከል በካናዳ ሌላ መንገድ ተከፍቶ ነበር። በ1941 ኤየርስት የተባለው ኩባንያ ፕሬማሪን የሚባለውን መድኃኒት ለገበያ አቀረበ። ስሙ ራሱ የተወሰደው «የእርጉዝ ባዝራ ሽንት» ከሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ክፍሎች ነው። ያረገዘች ባዝራ በሽንቷ ከፍተኛ መጠን ያለው ኤስትሮጅን ታወጣለች፤ ከዚህም ከአሥር የማያንሱ የኤስትሮጅን ዓይነቶች ቅልቅል ተገኘ። መድኃኒቱ ከሕያው እንስሳ የመጣ በመሆኑ «የተፈጥሮ» ተብሎ ተሰበከ። ቃሉ አልዋሸም። ሆኖም በቅልቅሉ ውስጥ ካሉት ዋና ዋናዎቹ አንዱ ኤኩሊን ይባላል፤ ይህም ለፈረስ የተፈጥሮ ቢሆንም በሴት ሰውነት ውስጥ ፈጽሞ የማይገኝ ነው። በአንጻሩ ከዕፅ ተነሥቶ በፋብሪካ የተሠራው ኤስትራዲዮል ከሴቲቱ ዕጢ ከሚወጣው በምንም አይለይም። «ሰው ሠራሹ» ለሰውነት የቅርብ ዘመድ፣ «የተፈጥሮው» ደግሞ እንግዳ ሆነ ማለት ነው።

በ1966 የኒውዮርኩ ሐኪም ሮበርት ዊልሰን ማረጥን እንደ በሽታ፣ ኤስትሮጅንን እንደ ዘላለማዊ ወጣትነት መድኃኒት የሚያቀርብ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ በሰፊው ተሸጠ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የአሜሪካ ሴቶችም ኤስትሮጅንን ለብቻው ለረጅም ዓመታት ወሰዱ። ፈተናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሦስት ተግሣጾች

የመጀመሪያው ተግሣጽ በ1971 መጣ። በቦስተን የነበረው አርተር ኸርብስት ከጓደኞቹ ጋር፣ እጅግ ብርቅ የሆነ የብልት ካንሰር ከያዛቸው ስምንት ወጣት ሴቶች መካከል የሰባቱ እናቶች በእርግዝናቸው ጊዜ ዳይኤቲልስቲልቤስትሮል ወስደው እንደነበር ገለጸ። መድኃኒቱ ውርጃ ይከላከላል ተብሎ ይታዘዝ ነበር፤ በ1953 በቺካጎ የተደረገ ጥናት ጥቅም እንደሌለው ቢያሳይም መታዘዙ አልተቋረጠም። እዚህ ላይ ጉዳቱን ያመጣው ሰው ሠራሹ ነበር፤ ጉዳቱ የተገለጠውም በልጅ ላይ ነው።

ሁለተኛው ተግሣጽ በ1975 መጨረሻ ላይ መጣ። በአንድ ቀን የታተሙ ሁለት የአሜሪካ ጥናቶች፣ ኤስትሮጅንን ለብቻው የወሰዱ ሴቶች በማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከአራት እጥፍ በላይ መጨመሩን አሳዩ። ይህ ደግሞ በዋናነት የደረሰው በ«ተፈጥሯዊው» በባዝራይቱ ኤስትሮጅን ነው። ኤስትሮጅን የማሕፀኑን ሽፋን ያሳድጋል፤ ፕሮጄስትሮን ይገታዋል። አንዱን ያለ ሌላው መስጠት ፍሬን የሌለውን መኪና በቁልቁለት እንደ መልቀቅ ያለ ነበር። ከዚያ በኋላ ማሕፀን ላላት ሴት ሁለቱ አብረው መታዘዝ ጀመሩ፤ በፕሮጄስትሮን ፈንታም ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን የተባለው ሰው ሠራሽ ነበር።

ሦስተኛውና ትልቁ ተግሣጽ በሐምሌ 2002 መጣ። በአሜሪካ መንግሥት ወጪ ከ50 እስከ 79 ዓመት ዕድሜ ባላቸው 16,608 ሴቶች ላይ በዕጣ ተከፍሎ የተደረገው ጥናት፣ በአማካይ ከ5.2 ዓመት በኋላ ጊዜው ሳይደርስ እንዲቆም ተደረገ። የባዝራይቱን ኤስትሮጅንና ሜድሮክሲፕሮጄስትሮንን በአንድነት ከወሰዱት መካከል፣ በየ10,000 ሴቶች በዓመት 8 ተጨማሪ የጡት ካንሰር፣ 7 ተጨማሪ የልብ ሕመም፣ 8 ተጨማሪ ስትሮክና 8 ተጨማሪ በሳንባ የሚረጋ ደም ታየ። በሌላ በኩል የዳሌ አጥንት ስብራት በ5፣ የአንጀት ካንሰር በ6 ቀነሰ። በ2004 የቆመው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ማሕፀናቸው በወጣላቸው 10,739 ሴቶች ላይ ኤስትሮጅንን ለብቻው የፈተነ ሲሆን፣ ስትሮክ ቢጨምርም የጡት ካንሰር ግን አልጨመረም። ጥርጣሬው ወደ ሁለተኛው አጋር፣ ወደ ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን፣ ያመዘነው ከዚህ የተነሣ ነው።

በዓለም ዙሪያ ሴቶች በድንጋጤ መድኃኒቱን ጣሉ። ቆየት ብሎ እንደታየው ግን የጥናቱ ተካፋዮች አማካይ ዕድሜ 63 ነበር፤ ማረጥ ከጀመረ ብዙ ዓመት ያለፋቸው ነበሩ። ዛሬ የሙያ ማኅበራት የሚመክሩት፣ ከ60 ዓመት በታች ለሆነች ወይም ካረጠች አሥር ዓመት ላልሞላት፣ ከባድ ስሜት ለሚያስቸግራትና የሚከለክል ሕመም ለሌለባት ሴት ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚያመዝን ነው።

ምንጭ ወይስ ቅርጽ?

ከእነዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት፣ መጠየቅ ያለበት «ከየት መጣ?» ሳይሆን «ቅርጹ ምንድን ነው? መጠኑ ስንት ነው? በየት በኩል ገባ?» መሆኑ ነው። የፕሮጄስትሮን ታሪክ ይህን በደንብ ያስረዳል። ፕሮጄስትሮን በአፍ ሲሰጥ ይፈርሳል የተባለው ችግር በመጨረሻ የተቃለለው በአዲስ ኬሚካል ሳይሆን በምሕንድስና ጥበብ ነው። በ1980 ገደማ በፈረንሳይ ዱቄቱን እጅግ አድቅቆ በዘይት ውስጥ በማኖር፣ ከአንጀት በበቂ መጠን እንዲመጠጥ ማድረግ ተቻለ። በአሜሪካ በ1998 የተፈቀደው እንክብል ያለበት ዘይት የኦቾሎኒ ነው፤ በምሥራቅ ሐረርጌ በባቢሌ የሚበቅለው ያው ኦቾሎኒ መሆኑ ነው። በ2008 የታተመ ከ80,000 በላይ የፈረንሳይ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት፣ ኤስትሮጅንን ከዚህ ፕሮጄስትሮን ጋር የወሰዱት የጡት ካንሰር ጭማሪ እንዳልታየባቸው፣ ከሌሎቹ ሰው ሠራሾች ጋር የወሰዱት ግን ከመቶ 69 እጅ ያህል እንደጨመረባቸው ገለጸ። ጥናቱ በዕጣ የተከፈለ ባለመሆኑ የመጨረሻ ፍርድ አይሆንም፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። እንደዚሁም ኤስትራዲዮል በቆዳ በኩል ሲሰጥ ጉበትን በመጀመሪያ ስለማያልፍ፣ በአፍ ከሚሰጠው ይልቅ የደም መርጋት ሥጋቱ ዝቅተኛ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህ ማለት ግን «ለሰውነት አንድ ዓይነት» ተብሎ በየግል መድኃኒት ቤቱ የሚቀመመው ሁሉ የታመነ ነው ማለት አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ አካዳሚዎች በ2020 ባወጡት ዘገባ፣ እንዲህ ያሉ ቅምሞች ደኅንነታቸውና ፍቱንነታቸው በበቂ ያልተመሰከረ በመሆኑ አጠቃቀማቸው እንዲገደብ መክረዋል። ቅርጹ አንድ ቢሆንም፣ መጠኑ ካልተለካና ጥራቱ ካልተፈተሸ መድኃኒት አይባልም።

የመቻራ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻውም። ጫት የተፈጥሮ ቅጠል ነው። በ1975 የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ በትኩሱ ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የተባለውን ንጥረ ነገር ለየ፤ ቅርጹም ሥራውም በ1887 በቤተ ሙከራ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተሠራው ለአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ደከመ ንጥረ ነገር ይለወጣል፤ የጫት መኪና በሐረርጌ መንገድ ላይ የሚጣደፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከማሳ መምጣቱ ቅጠሉን ከአነቃቂነት አላዳነውም።

ለአገራችን የሚነግረው

በኢትዮጵያ ስለ ማረጥና ስለ ሆርሞን ምትክ ሕክምና ገና ብዙ አልተነገረም። ሌላው የሆርሞን አገልግሎት ግን እስከ ገጠር ቀበሌ ደርሷል። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1966 ከተቋቋመ ወዲህ፣ በተለይም የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ2003 ከተጀመረ በኋላ፣ «የሦስት ወር መርፌ» በሰፊው ታወቀ። የ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ከመቶ ባለትዳር ሴቶች 23ቱ የሚጠቀሙት በመርፌ የሚሰጠውን መከላከያ ነው። በመርፌው ውስጥ ያለው በ2002 በተቋረጠው ጥናት ከተፈተኑት አንዱ፣ ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን፣ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያ ጥናት ያረጡ ሴቶች ከባዝራ ኤስትሮጅን ጋር በየቀኑ የወሰዱትን የመረመረ ነው፤ መርፌው ግን በመውለድ ዕድሜ ላሉ ሴቶች በሦስት ወር አንድ ጊዜ ለብቻው ይሰጣል። የአንዱን ውጤት ወደ ሌላው እንዳለ መገልበጥ ስሕተት ነው። ያልታሰበ እርግዝና የሚያመጣው አደጋም በሚዛኑ ላይ መቀመጥ አለበት። መርፌው በሚወሰድበት ጊዜ የአጥንት ጥንካሬን እንደሚቀንስና ሲቋረጥ በአብዛኛው እንደሚመለስ ይታወቃል፤ ይህን ለተጠቃሚዋ በግልጽ መንገር የሚገባ ነው። «ሰው ሠራሽ ስለሆነ ያመክናል» የሚለው ወሬ የሚበረታው እውነተኛው መረጃ ባልደረሰበት ቦታ ነው።

በተቃራኒው ወገን ደግሞ «የተፈጥሮ ሆርሞን» እየተባለ የአብሽ ዱቄትና የዱር ቦዬ ቅባት በዓለም ገበያ ይሸጣል። የሰው ሰውነት ግን ዲዮስጄኒንን ወደ ፕሮጄስትሮን የሚለውጥበት መሣሪያ የለውም፤ ያን ሥራ የሚሠራው የማርከር ዓይነት ኬሚስትሪ ብቻ ነው። አብሽ ምግብ ነው፤ እንደ ምግብም ይከበራል። ላረጠች እናት የጎደለውን ሆርሞን ይተካል ብሎ መሸጥ ግን እርሷን ከሐኪም ማራቅ ነው። በኢትዮጵያ በ1990 ከሃምሳ ዓመት በታች የነበረው አማካይ ዕድሜ ዛሬ ከስድሳ በላይ ስለሆነ፣ ካረጡ በኋላ ረጅም ዘመን የሚኖሩ እናቶች ቁጥር ከቀን ወደ ቀን ያድጋል። ጥያቄው ሳይዘገይ መምጣቱ አይቀርም።

ለምርትና ለምሕንድስና ባለሙያ ደግሞ ሁለተኛ ጥያቄ አለ። ኢፋርም በ1964 ከተቋቋመ ወዲህ የአገሪቱ የመድኃኒት ፋብሪካዎች በአብዛኛው የሚሠሩት መሠረታዊውን ንጥረ ነገር ከውጭ አስመጥተው እንክብልና ሽሮፕ በማዘጋጀት ነው። የሜክሲኮ ገበሬ ሥሩን ሸጠ፤ ፋብሪካው መንገዱን ሲለውጥ ሥሩ በእጁ ቀረ። በኢትዮጵያም አብሽ፣ ቦዬና ቃጫ አሉ፤ የጎደለው በቅጠልና በምርት መካከል ያለው የኬሚስትሪ፣ የማጣራትና የጥራት ፍተሻ ሰንሰለት ነው። ይህን ሰንሰለት ከያዘ አገር ዘንድ ጥሬ ዕቃው ቢለዋወጥም ሥራው ይቀጥላል፤ ካልያዘ ግን የተፈጥሮ ሀብቱ መብዛት ብቻውን አያድነውም።

የዘጠና ዓመቱ ክርክር የሚያስተምረው እንግዲህ፣ የሰው ጤና በቃል ሳይሆን በልኬት የሚጠበቅ መሆኑን ነው። በመቻራ ጤና ጣቢያ በር ላይ ተራዋን የምትጠብቅ ሴት መድኃኒቷ የተፈጥሮ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ የሚል ስም አይበቃትም። የሚገባት ምን እንደምትወስድ፣ ለስንት ጊዜና ለምን፣ ጥቅሙ ምን፣ ጉዳቱ ምን እንደሆነ ነው። ይህን መልስ በቋንቋዋ የማድረስ ግዴታ መድኃኒቱን ከሚያዝዘው ሐኪም ጀምሮ እስከሚያመርተውና ጥራቱን እስከሚፈትሸው ባለሙያ ድረስ የሁሉም ነው።